ሦስት መስመር የጠፋበት ጌም

ኩዌት፣ ሐምሌ 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለሸህ ሷሊህ ሀቢቡላህ
መካነ ሰላም

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። የእናቴ ወንድም፣ የልጄ አሳዳጊ፣ አላህ ዕድሜና አፊያ ይጨምርልኝ። አክስቴ ፋጢማ እንዴት ናቸው? ጎረቤቱስ? ክረምቱ እንዴት ገባላችሁ? እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ሙቀቱ ከቤት አያስወጣም፤ እኔም ብሆን የምወጣበት ጉዳይ የለኝም።

ልጄ ጁማና ደሴ ኮሌጅ ገብታ መምህርነት መማሯን ስሰማ አንድ ቀን ሙሉ አለቀስሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ትቼብዎት በመጣሁ ጊዜ ይህን አላሰብሁም ነበር። የአንቱን ውለታ አላህ ይክፈልልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እዚህ ሰፈር የምትሠራው ጓደኛዬ ሀጀራ ከዕረፍቷ ተመልሳለች። የላክሁትን ሁሉ ማድረሷን ነገረችኝ። ቀጥላ እየሳቀች፣ «አጎትሽን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጌም ሲጫወቱ አገኘኋቸው፤ ሰላም ብላቸው እንኳ ቀና ሳይሉ ቆዩ» አለችኝ።

አጎቴ፣ ያ በእጅ የሚያዝ፣ የሚወርድ ጡብ የሚደረደርበት ጌም በ1992 ለጁማና የላክሁት ነው። ያኔ ልጅ ነበረች፤ ዛሬ እሷም ረስታዋለች። እዚህ አገር ልጆች እንዲህ ያለውን ያረጀ ዕቃ በእጃቸው አይነኩትም። ደግሞስ ሠላሳ ዓመት ቁርኣን ያስቀሩ ሰው፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይዎት በረንዳ ላይ? ሰው ምን ይላል? እባክዎን ይሽጡት። የሚገዛ ከጠፋ ለለመነ ይስጡት፤ ካልሆነም ይጣሉት። በምትኩ ጥሩ የቴፕ ማጫወቻ እልክልዎታለሁ፤ የቁርኣን ቲላዋ ይሰሙበታል።

ሌላው፣ ባለፈው የላኩልኝ ደብዳቤ በእጅዎ የተጻፈ አልመሰለኝም። ማን ጻፈልዎ?

የእህትዎ ልጅ ፈዲላ


መካነ ሰላም፣ ነሐሴ 30 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለፈዲላ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅሽ። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር ደብዳቤሽ ደሴ ላይ አሥራ አምስት ቀን ተቀምጦ፣ በጭነት መኪና ትናንት ደረሰኝ። እኛ ደህና ነን። ጤፉ በደንብ በቅሏል፤ ባቄላውን ግን ውሃ በላው። ፋጢማ ከጧት እስከ ማታ ስምሽን ስትጠራ ትውላለች።

ስለ ጌሙ የጻፍሽውን ሰማሁ። መልሴ አጭር ነው። አልሸጠውም፣ አልሰጠውም፣ አልጥለውምም።

አርጅቷል ብለሻል። እውነት ነው። መስታወቱ ላይ በስተቀኝ በኩል ሦስት መስመር ጠፍቷል፤ ከላይ የሚወርደው ጡብ እዚያ ሲደርስ ይሰወራል። የት እንደሚያርፍ ግን እኔ አውቃለሁ። የጀርባው ክዳን የለም፤ የባትሪ ድንጋዮቹን በላስቲክ አስሬ ነው የያዝኋቸው። ካሴቱን ነቅዬ ሦስት ጊዜ እፍ ካላልሁበት አይነሣም። ቢሆንስ? ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ያረጀ ሁሉ ይጣል ከተባለ ወረፋው ከእኔ ይጀምራል።

ሰው ምን ይላል ላልሽው፣ የሚለውን ብሏል። በረንዳው የእኔ ነው።

ቴፕ አያስፈልገኝም። ገንዘብም አትላኪ። መላክ ካለብሽ ለጌሙ የሚሆን ስምንት ትንንሽ ድንጋይ ላኪልኝ። ከዚህ ገበያ የምገዛው ሁለት ቀን ሳይሠራ ውሃ ያወጣል።

የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን መምህርት ዝናሽ ናት። ዓይኔ ደከም ስላለ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም። አብሽሪ።

አጎትሽ ሷሊህ ሀቢቡላህ


ኩዌት፣ ጥቅምት 8 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለሸህ ሷሊህ

አሰላሙ ዐለይኩም። እንኳን ለታላቁ ረመዳን አደረሰዎ፤ ጾሙን አላህ ይቀበልዎ። እዚህ ቤት በፊጥራ ሰዓት የእንግዳው ብዛት አያድርስ ነው። ቆሜ ነው የማፈጥረው።

አውፍ ይበሉኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ዓይንዎ ከደከመ የሚወርደውን ጡብ በምን ያዩታል? መጻፍ ያቃተው ዓይን ጌም እንዴት ቻለ? ሀጀራን አፋጠጥኋት። «እጃቸው ደህና ነው ወይ?» ብላት ወሬ ቀየረች። እኔ ሩቅ ያለሁ ሰው ነኝ፤ የማውቀው የሚነገረኝን ብቻ ነው። እናንተ ከደበቃችሁኝ ማንን ልጠይቅ?

ድንጋይ አልላክሁም። የአንቱን ቃል ስጥስ በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያ ዕቃ ከቤትዎ እንዲወጣ የምፈልግበት ምክንያት አለኝ። ምክንያቴን አይጠይቁኝ። ሀጀራ በረንዳው ላይ እንዳየችው ከነገረችኝ ወዲህ፣ በእጅዎ ይዘውት በታየኝ ቁጥር የምይዘውን ዕቃ እጥላለሁ፤ ባለፈው ሳምንት የአሠሪዬን የማዳምን የሻይ ብርጭቆ ሰበርሁ።

ጁማና ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ ፎቶዬን ትጠይቃለች። በሚቀጥለው እልክላታለሁ ይበሉልኝ።

ፈዲላ


መካነ ሰላም፣ ኅዳር 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለፈዲላ

ወዐለይኩሙ ሰላም። የሩቁን የሚያቀርብ፣ የታመመውን የሚያሽር ጌታ ካንቺ ጋር ይሁን።

ደብዳቤሽን ዝናሽ ካነበበችልኝ በኋላ መልስ ልነግራት ስጀምር ብዕሯን አስቀመጠች። «ሸህ፣ እውነቱን ካልነገሯት ሌላ ጸሐፊ ይፈልጉ፤ እኔ ለእናት ውሸት አልጽፍም» አለችኝ። ስለዚህ እውነቱን ስሚ።

ባለፈው ሚያዝያ መጨረሻ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ለሚቀሩብኝ ደረሶች የቁርኣን ሰሌዳቸውን፣ ሎሁን፣ እየጻፍሁ ሳለ ብዕሩ ከእጄ ወደቀ። ላነሣው ጎንበስ ስል እኔው ወደቅሁ። ፋጢማ ስትደርስ አፌ ወደ ግራ ተጣሞ፣ ቀኝ እጄና እግሬ የሌላ ሰው ሆነው አገኘችኝ። በቃሬዛ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በመኪና ደሴ ወሰዱኝ። አሥራ ሁለት ቀን ተኛሁ። ምላሴ ተፈታ፤ እግሬም በምርኩዝ ተመለሰ። እጄ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥላ ቀረች። ሐኪሙ፣ «ካላሠሯት ደርቃ ትቀራለች» ብሎ የተጠቀለለ ካልሲ ሰጠኝ። «ቀን በቀን ይህን ይጭመቁ» አለኝ።

ወላሂ ጨመቅሁ። ካልሲ ግን መልስ አይሰጥም። ተሻለህ አይልም፣ ሰነፍህ አይልም። በሁለተኛው ሳምንት ወርውሬ ጣልሁት።

ፋጢማ የጁማናን ሣጥን ስታራግፍ ጌሙ የወጣው በዚያ ሰሞን ነው። ዝናሽ ቤት አንድ ሁለት ድንጋይ ተገኘ፤ ሁለቱን ከራዲዮዬ አወጣሁ። ሲበራ ጡቦቹ ከላይ እየወረዱ እንደፈለጉ ይከመራሉ፤ እኔ ተመልካች ነበርሁ። አውራ ጣቴን ቁልፉ ላይ አስቀምጬ «ተጫኚ» እላታለሁ፤ እሷ እቴ! በአሥራ አንደኛው ቀን ታዘዘችኝ። አንድ ጡብ ዞረ። «ፋጢማ! ነይ ተመልከች!» ብዬ ጮህሁ። ሮጣ መጥታ ምን እንዳየች ሳታውቅ እልል አለች። ዛሬ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ይታዘዙኛል። መሀል ጣቴ ገና ታኮርፋለች። የጤና ጣቢያው ሐኪም አይቶኝ፣ «እንዳያቆሙ» ብሏል።

አንቺን ያልነገርሁሽ ሥራሽን ጥለሽ ትመጪ ይሆናል ብዬ ነው። እውነቱ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። የመስጊዱ ሽማግሌዎች፣ ሀጂ ይማም ሦስተኛ ሆኖ፣ ባለፈው ጁምዓ ቤቴ መጡ።

«ሸህ ሷሊህ፣ ቁማር ይዘዋል እየተባለ ነው» አለኝ ሀጂ ይማም።

«ከማን ጋር ቆመርሁ?» አልሁት።

«ቁማር ባይሆን የልጅ መጫወቻ ነው። ለመምህር ነውር ነው። ደግሞ በእውነቱ፣ ሎህ የማይጽፍ መምህር የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት አስቀርተዋል፤ ይረፉ። ሰዓድ ወጣት ነው፣ እጁም ቆንጆ ነው።»

ሰዓድ የእኔው ደረሳ የነበረ ነው፤ በልጁ ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን «ይረፉ» የምትለዋን ቃል ስሰማ በሽታው አጣሞት የተቃናው አፌ እንደገና ሊጣመም ምንም አልቀረው። «ልብ አላረጀብኝም፤ ቁርኣኑም ከደረቴ አልወጣም። እስከ መውሊድ ስጡኝ። በመውሊድ ማግስት ፊታችሁ ተቀምጬ፣ በዚህችው እጄ ሎህ እጽፋለሁ» አልኋቸው። ተያዩና «መርሐባ፣ ይሁን» ብለው ሄዱ።

እንግዲህ ልጄ፣ አራት ወር አለኝ። ይህ ጌም ዋጋ የለውም የምትይ ከሆነ ምክንያትሽን ንገሪኝ። የምትደብቂኝ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩን ላኪልኝ።

አጎትሽ ሷሊህ

እኔ ጸሐፊዋ ዝናሽ ደግሞ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሸህ ያልነገሩሽን ልጨምር፤ ጡቡ ሞልቶ ሲያሸንፋቸው ይቆጣሉ፣ ከዚያ «እንደገና» ይላሉ። በርቺ እህቴ።


ኩዌት፣ ጥር 6 ቀን 1998 ዓ.ም.

አጎቴ፣ አላህ ያሽርዎ። ሃያ አራት ድንጋይ በመንገደኛ እጅ ልኬያለሁ። ስለ ዕቃው ሌላ አልጽፍም።

ፈዲላ


መካነ ሰላም፣ የካቲት 15 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለፈዲላ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ። ድንጋዮቹ ደርሰውኛል፤ እጅሽ አይንጠፍ። ሰማንያ ቀን ጠብቄ ያገኘሁት ደብዳቤ ግን መዳፌን አይሞላም። ተቆጥተሽ ከሆነ ቁጣሽን ጻፊው እንጂ። ዝምታሽ ነው የከበደኝ።

የእኔን ወሬ ልንገርሽ። ጌሙ ሊሞትብኝ ነበር። በአውራ ጣት የሚጫኑት ቁልፍ ከጥቂት ቀናት በፊት ሰምጦ ቀረ። የምፈልገው ደግሞ እሱን ነው፤ ጡቡን የሚያዞረው እሱ ነው። ገበያ ውስጥ ራዲዮ ለሚጠግነው ለቢሻው ወሰድሁለት። ፈታው፣ ተመለከተው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ሸህ፣ ለዚህ ዕቃ መልፋት ኪሳራ ነው» አለኝ።

«ለእኔም እንደዚያው ተብሎ ነበር። ቢሆንም ደሴ ድረስ ወስደው አሳከሙኝ» አልሁት።

ሳቀና ከአንድ የሞተ የቴሌቪዥን ሪሞት ውስጥ ጥቁር ላስቲክ ቆርጦ ከቁልፉ ሥር አስገባለት። ሠራ። እንዲያውም ከበፊቱ ይጠነክራል፤ አጥብቄ ካልተጫንሁት አይሰማኝም። ለእኔ ደግሞ ይኸው ነው የሚበጀኝ። የጠፉትን ሦስት መስመሮች ግን «አልችልም» አለ። ይቅሩ አልሁት፤ ለምጃቸዋለሁ።

ሊገጥመው ሲል የላይኛውን ማዕዘን በጣቱ ዳሰሰ። ስንጥቅ አለው፣ አቧራ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። «ይህ ወድቆ የተሰነጠቀ አይደለም። የወደቀ ዕቃ ጠርዙ ይላጣል። ይህን ሰው በኃይል ወርውሮት፣ ከሆነ ነገር ጋር ተጋጭቶ ነው» አለኝ። ጁማና ሰብራው ይሆናል ብዬ ደሴ ላክሁባት። «ሲመጣም እንዲሁ ነበር» ብላ መለሰች። አንቺ አዲስ ገዝቼ ላክሁላት ብለሽን ነበር። ባለሱቁ አታሎሽ ነው? ወይስ ያ የማትነግሪኝ ነገር ይህ ነው?

መውሊድ ሊደርስ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ብዕር እይዛለሁ፤ ከዐረብኛው ፊደል አሊፍ ቀጥ ብላ ትወርድልኛለች፣ ሚም ግን አሁንም ትዞርብኛለች። ከዚህ በታች ያለውን ስም በእጄ ጽፌዋለሁ። ሁለት ጊዜ ቀለም ስለደፋሁበት ዝናሽ ወረቀቱን እንደገና ገልብጣዋለች።

ሷሊህ


ኩዌት፣ መጋቢት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለሸህ ሷሊህ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ስምዎን አየሁት። ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ይዤው ነው የዋልሁት።

አጎቴ፣ ጌሙን አልገዛሁትም።

በ1992 ጁማና «የጓደኛዬ ወንድም ጌም አለው፣ ለእኔም ላኪልኝ» ብላ ጻፈችልኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ከልብስ ሌላ ምንም ጠይቃኝ አታውቅም። ከቤት አልወጣም፤ ወጥቼስ ሱቁን የት አውቀዋለሁ? የማዳም ልጅ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ባለ ቀለም አዲስ ጌም ተገዝቶለት ይኸኛውን አልጋው ሥር ወርውሮታል። በየቀኑ ወለል ስጠርግ አየዋለሁ። አንድ ቀን ማዳምን፣ «ይህን የማይፈልጉት ከሆነ ለልጄ ልላክላት?» ብዬ ጠየቅኋት።

ልጁ ሰማ። «የእኔን ዕቃ ሠራተኛ አይወስደውም» ብሎ ከእጄ ቀማኝ። ማዳም፣ «አንተ አትጫወትበትም፣ ተዋት» አለችው። ያኔ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ወረወረብኝ። ከቅንድቤ በላይ መታኝ። መሬት ላይ ሲወድቅ፣ «አሁን ውሰጂው» አለኝ።

ማዳም መጀመሪያ ያየችው ምንጣፉን ነው። «ደሙ ሳይደርቅ ጥረጊው» አለችኝ። ተንበርክኬ ጠረግሁ። ሐኪም ቤት አልወሰዱኝም፤ ቡና ነስንሼ በሻሽ አሠርሁት። ጌሙን ደግሞ አጥቤ፣ በሚያምር ወረቀት ጠቅልዬ፣ «አዲስ ገዛሁልሽ» ብዬ ለልጄ ላክሁላት። ልጄን የዋሸኋት ያን ጊዜ ነው። ፎቶ ስትጠይቀኝ ሻሼን እስከ ቅንድቤ አውርጄ የምነሣው ጠባሳውን እንዳታይ ነው።

ያ ልጅ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እዚሁ ቤት ነው ያለው። ሸሚዙን የምተኩስለት እኔ ነኝ።

አንቱ «አልጥለውም» ብለው በጻፉልኝ ጊዜ፣ ምንም ሳያውቁ ለልጁ የወገኑለት መሰለኝ። እጅዎ እንዲህ ሆኖ መቆየቱን ስሰማ ደግሞ በራሴ አፈርሁ። ድንጋይ ልኬ ዝም ያልሁት ለዚህ ነው። አሁን ሁሉንም ያውቃሉ። እጅዎን የሚያስነሣልዎ ዕቃ እኔን የመታኝ ነው። ዋጋ አለው ካሉ ይያዙት። የለውም ካሉ ይስበሩት። ከእንግዲህ ይጣሉልኝ አልልዎትም፤ ፍርዱን ለአንቱ ሰጥቻለሁ።

ልጅዎ ፈዲላ


መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈዲላ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለተበደለ የሚፈርድ፣ የእንባን መንገድ የሚያውቅ አላህ አይለይሽ።

ደብዳቤሽ በሰው እጅ ስለመጣ በአሥራ አምስት ቀኑ ደረሰኝ። ዝናሽ እያነበበች ምንጣፉ ጋ ስትደርስ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ ፋጢማ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ ጌሙ ጭኔ ላይ ነበር። እንደ ፍም አቃጠለኝ። ሣጥን ውስጥ አስገብቼ ቆለፍሁበት።

ሦስት ቀን አልነካሁትም። ለመውሊድ የቀረው ሳምንት አይሞላም ነበር። ፋጢማ «እጅህ እየጠነከረች ነው» አለችኝ፤ የጠነከረችው ወደ መድረቁ ነው። መዶሻም አነሣሁ፣ አልዋሽሽም። በግራ እጄ ነው ያነሣሁት፤ ቀኟ መዶሻ አትችልም። ያን ጊዜ ነው ንዴቴ ወደ ትክክለኛው ሰው የዞረው። ዕቃው ምን አደረገ? የወረወረው ልጅ እጁ ጤነኛ ነው፤ በቀን ሦስቴ ይበላበታል። እኔ ደግሞ እሱን ብዬ የራሴን እጅ ልግደል? አንቺ ደምሽን ከፍለሽ ያገኘሽውን፣ እሱ እንደ ቆሻሻ የጣለውን፣ እኔ ደግሜ ብጥለው ያ ልጅ ሁለት ጊዜ ፈረደብን ማለት ነው። አይሆንም! ሣጥኑን ከፍቼ አወጣሁት። ፍርዱን ለእኔ ሰጥተሽ የለ? ዋጋ አለው ብያለሁ። ከአዲሱም ይበልጣል።

ስለ ሎሁ ትጠብቂ ይሆናል። በመውሊድ ማግስት መስጊዱ ግቢ ሰው ሞልቶ ነበር። ሎህ አመጡልኝ። ቢስሚላህ ብዬ የቁርኣንን መክፈቻ፣ ፋቲሐን፣ ጀመርሁ። ድሮ ከሚፈጅብኝ ሦስት እጥፍ በላይ ፈጀብኝ። ላቤ ቀለሙ ላይ እየተንጠባጠበ ጨረስሁ። ሀጂ ይማም ሎሁን ወደ ብርሃን አቅንቶ ተመለከተ።

«ጠማማ ነው» አለ።

«ጠማማ ነው» አልሁት። «የማይነበብ ቃል ካለ አሳዩኝ።»

ተቀባበሉት። አንድም ቃል አላገኙም። ቢሆንም ቀድመው ተማክረው ኖሯል፤ ቦታውን ለሰዓድ ሰጡት። «ለአንቱ ዕረፍት አስበን ነው» አሉኝ። ሎሁን ከእጃቸው ተቀብዬ፣ ምርኩዜን አንሥቼ ወጣሁ።

ሰዓድ በማግስቱ ጧት አቀርቅሮ መጣ። «ሸኽና፣ አልቀበልም ልበላቸው?» አለኝ። «ተቀበል። ደረሶቹ ያለ መምህር አይቀሩም። እኔ የሚቀራብኝ አላጣም» አልሁት። አልሁት እንጂ ማንም ይምጣብኝ አይምጣብኝ አላውቅም ነበር።

መጡ። መጀመሪያ ፋጢማ ራሷ ከፊቴ ተቀመጠች፤ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሌላውን ስታስቀራ እኔን ማን አስቀራኝ?» አለችኝ። ሎህ ጻፍሁላት። ሁለት ጎረቤቶቿን አስከተለች። ከዚያ ልጃገረዶች፣ አንዷም ከወግዲ መንገድ በእግሯ የምትመጣ። ዛሬ አሥራ አንድ ናቸው፣ ሁሉም ሴቶች። የእያንዳንዳቸውን ሎህ በእጄ እጽፋለሁ። ሀጂ ይማም «ሳያስፈቅዱ መድረሳ ከፈቱ» ብሎ ልኮብኛል። «በረንዳዬ ነው፤ ቢፈልጉ ሚስትዎን ይላኳት» ብዬ መልሻለሁ። ከትምህርት በፊት ግማሽ ሰዓት ጌሜን እጫወታለሁ፤ እጄ ያለሱ አትፈታም። ሴቶቹ ከኋላዬ ቆመው «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» ይሉኛል።

አሁን ስሚኝ። እስከ ዛሬ ድንጋይ ነበር የምጠይቅሽ። ድንጋይ አልፈልግም። ከዚያ ቤት ውጪ። ስምንት ዓመት ስትልኪልን እየተቀበልን ዝም ያልን፣ እንዴት እንደምትውይ ያልጠየቅንሽ እኛ ነን፤ የእኛን ጥፋት እኔ እሸከማለሁ። ኮንትራትሽ በግንቦት እንደሚያልቅ ጁማና ነግራኛለች። አታድሺው። የቤቱ ቆርቆሮ ይዛግ፣ ባቄላውን ውሃ ይብላው። ነይ።

አጎትሽ ሷሊህ


ኩዌት፣ ግንቦት 28 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሸህ ሷሊህ፣ ለአክስቴ ለፋጢማ፣ ለእህቴ ለዝናሽም ጭምር

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህን የምጽፈው ከሀጀራ ክፍል ነው። በሩን ከውስጥ እኔ ነኝ የዘጋሁት፤ ስፈልግም እከፍተዋለሁ።

ደብዳቤዎን ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያነበብሁት። ስወጣ ማዳም ኮንትራቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። «እዚህ ጋ ፈርሚ፤ ሁለት ዓመት ነው» አለች።

«አልፈርምም። ፓስፖርቴን ስጪኝ» አልኋት።

የቀለድሁ መሰላት። ከዚያ ተቆጣች፤ ከዚያ አባበለች፤ ከዚያ ደግሞ ተቆጣች። «አገርሽ ምን አለሽ? ማን ይጠብቅሻል?» አለችኝ። «አሥራ አንድ ሴቶች ቁርኣን እየቀሩ ነው፤ አሥራ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ» አልኋት። አልገባትም። እንዲገባትም አልፈለግሁም። ዘጠኝ ቀን በየጧቱ «ፓስፖርቴን» እያልሁ በሯን አንኳኳሁ። ሻይ ሳቀርብ «ፓስፖርቴን»፣ ሳህን ሳነሣ «ፓስፖርቴን»። እንግዶች ፊት ባልሁት ቀን ባሏ አፍሮ ከካዝና አወጣልኝ።

ልጁን ደግሞ ጠየቅሁት። ሸሚዙን ሊቀበለኝ ሲመጣ ሻሼን ከግንባሬ ገፋ አድርጌ፣ «ይህን ታስታውሳለህ?» አልሁት። ጠባሳውን አየው። «ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። አልተቆጣሁም፤ ነገርሁት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምንጣፉን ጭምር። ፊቱ ቀላ፣ ሸሚዙን ሳይወስድ ወጣ።

ለጁማና ፎቶ ተነሥቻለሁ፣ ያለ ሻሽ። ከዚህ ጋር አለ፤ ስጡልኝ። እውነቱንም እኔው እጽፍላታለሁ።

ትናንት ስወጣ ማዳም በሩ ላይ ቆመች። «ሻንጣሽን ክፈቺ» አለችኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከእሷ ቤት ማንኪያ ጎድሎ አያውቅም። ከፈትሁላት። አንድ በአንድ እያነሣች ወለሉ ላይ ጣለች፤ ቀሚስ፣ መስገጃ፣ የአንቱ ደብዳቤዎች። ሌላ ምንም አልነበረም።

«እሺ፣ ዝጊውና ሂጂ» አለች።

እጄን አጣምሬ ቆምሁ። «የበተነው ሰው ይሰብስበው» አልኋት።

ታክሲው ውጭ ጡሩንባ ይነፋል። እኔ ግን አላጎነበስሁም። በመጨረሻ ልጁ ከደረጃው ወረደ። እናቱን አልፏት መጣና ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ልብሶቼን አጣጠፈ፣ ደብዳቤዎቹን ሰብስቦ ከላይ አስቀመጠ፣ ሻንጣውን ዘጋ። ቀና ብሎ ግን አላየኝም።

ሻንጣዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ሰኔ 9 አዲስ አበባ፣ ሰኔ 12 ደሴ እገባለሁ ኢንሻአላህ። ከጁማና ጋር እመጣለሁ። በአካል ሰላም እስክንባባል፣ አላህ ሁላችሁንም በአፊያ ያቆይልኝ።

ፈዲላ